የጀልባዋ የተዘጉ መቀመጫዎች

ናታንያ፣ ነቬ ኢታማር
ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለእህቴ ለየሺሐረግ፣ ጎርጎራ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ያንቺን ጤና፣ የልጅሽን የአቻምየለህን ጤና፣ የቤቱንም የደጁንም ሰላም እጠይቃለሁ። ክረምቱ እንዴት ገባላችሁ? እኛ በአምላክ ቸርነት አለን። ሙሉመቤት ጉልበቷን ቢያማትም ቤቱን እንደ ጥንቱ ታስተዳድራለች፤ በእኔ በኩል ስማሻለች። ቀኑን በእናንተው አቆጣጠር የጻፍኩት እንዳይምታታብሽ ብዬ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ሲመጣ ሲሄድ «ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስንባባል አለቀ። እዚሁ ናታንያ፣ ራማት የዲዲም በሚባለው ሰፈር የምትኖረው ወዳጃችን ባንች እህቷን ልትጠይቅ ወደ ጎንደር ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ከጎንደር ወደ እናንተ የሚወርድ መኪና ሲገኝ እህቷ ትልክልሻለች። መልስሽንም በዚያው መንገድ ላኪልኝ።

ወሬዬ ይህ ነው። እስከ ሱዳን በእግራችን ሄደን ከዚያ በአውሮፕላን እዚህ ከገባን ወዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ናጋሪያ፣ የእንጨት ሥራ ቤቱን ማለቴ ነው፣ ለቅቄ ጡረታ ወጣሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠገብኩ። ቀጥሎ ግድግዳ ማየት ሰለቸኝ። ሙሉመቤትም እኔን ማየት ሰለቻት መሰለኝ «አንተ ሰውዬ፣ እጅህ የሚይዘው ነገር ፈልግ» አለችኝ። እኔም ንድፍ ከኢንተርኔት አውጥቼ፣ ኮምፔንሳቶ ገዝቼ፣ ከሕንጻው ሥር መኪናዬን በማቆምበት ቦታ ላይ ትንሽ ጀልባ ሠራሁ። የሕንጻው ኮሚቴ፣ እዚህ ቫድ ባይት የሚሉት፣ «ይህ የመኪና ማቆሚያ ነው ወይስ ወደብ?» እያለ ሲነጫነጭ ከርሟል። አሁን ግን ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ ፎቶ ይነሱባታል።

ልጄ ያኒቭ ከሚሉኢም፣ ለጦሩ ከተጠራበት ግዳጅ ማለት ነው፣ ከተመለሰ ወዲህ ሥራውን ትቷል። በሩን ዘግቶ ይውላል። ሐኪም ያየዋል። በዚህ ነገር ብዙ አልጽፍም።

አሁን የምጠይቅሽ አለ። ጀልባዋ ሦስት መቀመጫ አላት። የፊተኛውና የኋለኛው በአራቱም በኩል የተዘጉ ሳጥኖች ናቸው፤ ንድፉ አየር ብቻ ይኑርባቸው ይላል። የመሀሉ ሳንቃ ብቻ ነው። ባለፈው ሚክሞሬት ከምትባል ከናታንያ በስተሰሜን ካለች ትንሽ የባሕር ሰላጤ ወስጄ ሞከርኳት፤ እንደ ዳክዬ ነው የምትሄድ። ችግሩ ዕቃ የሚቀመጥበት የላትም። ዳቦዬ ራሰ፣ ስልኬ ውኃ ጠጣ፣ የደም ግፊት ኪኒኔ ከእግሬ ሥር ሲንሳፈፍ አገኘሁት። የተዘጉትን መቀመጫዎች በር አውጥቼላቸው ዕቃ ማስቀመጫ ላደርጋቸው አስቤያለሁ። ባለቤትሽ ዘመዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ያለ የኮምፔንሳቶ ጀልባ ነበረው። ዕቃውን የት ነበር የሚያኖር? መቀመጫውንስ እንዴት አድርጎ ነው የሠራው? የምታስታውሺውን ጻፊልኝ።

አምላክ በሰላም ያቆይሽ።

የአጎትሽ ልጅ ቃኘው


ጎርጎራ
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቃኘው፤

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ አንተ ካለህበት ይድረስ። ሙሉመቤትን ጉልበቷን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ልጆችህን ሁሉ በየስማቸው ሳምልኝ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ነው የያዘን፤ ደምቢያ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ጤፉ ግን ይበቅላል።

ደብዳቤህን ሳይ ደስታዬ ይህ ነው አይባልም። መሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል እንዲህ ከወንድሜ ጋር እጻጻፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ብቻ ዓይኔ ደክሟል፤ ወረቀቱን ክንዴ እስከደረሰበት አርቄ ነው ያነበብኩት። ቢቻልህ የንባብ መነጽር በሰው ላክልኝ። ባትችል ግድ የለም፤ አቻምየለህ ያነብልኛል።

አቻምየለህ መንገዱ ሲከፈት ከሰው መኪና ላይ በረዳትነት ይሠራል። ሲዘጋ እቤት ነው። እቤት በዋለ ቁጥር ባሕሩን ባሕሩን ያያል። «እናቴ፣ ጀልባ ልሥራ» ይለኛል። እኔ ከባሕሩ እንዳትደርስ ብዬዋለሁ። ሠላሳ ዓመቱን አልፏል፤ ቢሆንም አልፈቅድለትም።

ስለ ያኒቭ የጻፍከውን አንብቤ ልቤ ተነካ። ልጁን አትቆጣው። ለምን አትወጣም ብለህም አትጠይቀው። አንተ ሥራህን እዚያው ከደጁ ሥር ሥራ፤ ሲወጣ የሚያገኘው ሰው ይኑር።

ዘመዱን በስሙ ስለጠራህልኝ አመሰግንሃለሁ። እዚህ ሰው እኔ እንዳላዝን ብሎ ስሙን አያነሳብኝም። ስሙን በሌላ ሰው ጽሕፈት ሳየው ምነኛ ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም።

መቀመጫውን ስለጠየቅኸኝ ግን እኔ የማውቀው ነገር የለም። ብቻ ንድፉ ይዘጋ ካለ የተዘጋ ይሁን። ሌላ የምለው የለኝም።

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ።

እህትህ የሺሐረግ


ናታንያ
ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየሺሐረግ፤

አንቺም ልጅሽም በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አለኝ። እኛ ከሙቀቱ በቀር የሚያስመርረን የለም። መነጽር ሁለት ዓይነት ልኬልሻለሁ፤ የተስማማሽን ያዢ፣ ሌላውን ለጎረቤት ስጪ። ከመነጽሩ ጋር ያለችው ነጠላ ከሙሉመቤት ናት።

እህቴ፣ ምክርሽ ምን እንዳደረገልኝ ልንገርሽ። ያኒቭን መጠየቅ ተውኩ። በየጠዋቱ ወርጄ ከጀልባዋ ጋር መሥራት ብቻ ያዝኩ። አንድ ቀን ጎኗን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ከኋላዬ ጥላ መጣ። ዞር ብል ያኒቭ ነው፤ በቁምጣ፣ ጺሙ አድጎ። እንደ ዋዛ መፈተጌን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ የፊተኛውን መቀመጫ በጣቱ አንኳኳ።

«አባ፣ እዚህ ውስጥ ባዶ ነው አይደል?»

«አየር ነው ያለው» አልኩት።

«አየር ምን ያደርግልሃል? በር እናውጣለት። ዕቃ ይገባበታል።»

«ንድፉ ይዘጋ ይላል።»

«ንድፉን የሠራው ሰው ዳቦ አይበላም?» አለኝ።

ሙሉመቤት ከመስኮቱ ሆና ሳቄን ሰምታ ምን ሆነህ ነው ብላ ወረደች። ልጇ መጋዝ ይዞ ስታገኘው ተመልሳ ወጣች፤ ኋላ እንደነገረችኝ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች።

የተዘጋው ይዘጋ ያልሽኝን አልረሳሁም። ግን ወራት ሙሉ ከክፍሉ ያልወጣ ልጄ መጋዝ ይዞ ከፊቴ ሲቆም እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ፊተኛውንም ኋለኛውንም ከፈትናቸው። ያኒቭ ቆረጠ፣ እኔ ጠርዙን ላግሁ። በሮቹን በማጠፊያ አሰርናቸው። ውስጡን ነጭ ቀለም ቀባነው። አሁን መረብ ብትይ፣ ውኃ ብትይ፣ ልብስ ብትይ ሁሉ ይገባል። የጓደኛው ቴንደር፣ ከኋላ የሚጫንባት ትንሽዋ መኪና፣ ላይ ጭነናት ሁለታችን ወጣን። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት እንሄዳለን። አንዲት ነገር አልራሰችብንም።

ሙሉመቤት ውኃ ትፈራለች፤ ዋና አትችልም። ቢሆንም ያኒቭ ለምኗት ከበዓላችን በኋላ አብራን ልትወጣ ቃል ገብታለች። ይህ ሁሉ የሆነው ባንቺ ምክር ነው። አመሰግንሻለሁ።

ወንድምሽ ቃኘው


ናታንያ
መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየሺሐረግ፤

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰሽ። ዓመቱ የጥጋብና የሰላም ይሁንላችሁ። የእኛም አዲስ ዓመት በመጪው ሳምንት መጀመሪያ ይገባል።

ነሐሴ ላይ ለጻፍኩት መልስ ስላላገኘሁ አሳብ ገብቶኛል። ባንች እህቷን ጠይቃ ደብዳቤውና መነጽሩ እጅሽ እንደገባ ነግራኛለች። ስልክሽን ሞከርኩ፤ አይጠራም። መንገዱ ተዘግቶ ነው? አሞሽ ነው? ወይስ በጻፍኩት ነገር አስከፍቼሽ ይሆን? የአቻምየለህን ጀልባ የከለከልሽውን እያወቅሁ ስለ ጀልባ ብዙ ማውራቴ ቅር አሰኝቶሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።

እዚህ ሁሉ ደህና ነው። ያኒቭ አሁን ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል። እናቱን የምናወጣበትን ቀን እየቆጠረ ነው።

ሁለት መስመር ትበቃኛለች። ጻፊልኝ።

ቃኘው


ጎርጎራ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቃኘው፤

ምኞትህን ተቀብያለሁ፤ ለእናንተም ዓመቱ የጤና ይሁን። መነጽሩ ልክ ሆኖልኛል፤ ዳዊቴን ያለ ሰው እርዳታ እደግማለሁ። የሙሉመቤትን ነጠላ ለመስቀል ለብሼዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አላስከፋኸኝም። ደብዳቤህ ነሐሴ ሳያልቅ ነው የደረሰኝ። አንብቤ አጥፌ ከትራሴ ሥር አኖርኩት። መልስ ልጽፍ እቀመጥና እነሳለሁ። ልደውልልህም ከጉብታው ላይ ወጥቼ ሞክሬያለሁ፤ መስመሩ የለም። አሁን ግን መጻፍ አለብኝ። ይህ ወረቀት ሙሉመቤት ጀልባዋ ላይ ከመውጣቷ በፊት እንዲደርስህ እየጸለይኩ ነው የምጽፈው።

ዘመዱ እንዴት እንደሞተ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያችን ጀልባ የሠራት ለጥናት የመጡ ፈረንጆች ይዘውት የመጡትን ጀልባ አይቶ ነው። እንደ አንተዋ የፊትና የኋላ መቀመጫዋ ድፍን ሳጥን ነበር። ሰው ከታንኳ ይልቅ በእሷ መሳፈር ወደደ። ነጋዴዎችም ከደቅ ደሴት የሚያመጡት ጌሾና እህል እንዳይርስባቸው «ዘመዱ፣ ይህን ባዶ ቦታ ለምን አትከፍተውም?» አሉት። ከፈተው። በር አበጀለት፣ ማጠፊያ አሰረለት፣ ልክ እናንተ እንዳደረጋችሁት። እህሉ ደረቅ ሆኖ ይደርስ ነበር። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ክፉ ነገር አለው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከደቅ እህል ጭኖ ሲመለስ ነፋስ ተነሳበት። ጀልባዋ ውኃ ሞላች። ውኃው በበሮቹ አልፎ ሳጥኖቹን ሞላቸው። አብሮት የነበረ ነጋዴ ባዶ ጀሪካን አቅፎ ተርፏል። እሱ እንደነገረኝ ጀልባዋ አልተገለበጠችም። ቀጥ ብላ ነው የወረደች፣ እንደ ድንጋይ። ዘመዱ ዋና ያውቅ ነበር፤ ግን ዳርቻው ሩቅ ነበር።

ኋላ ጀልባዋን በገመድ ስበው አወጧት። ለቅሶ የመጣ አንድ አዛውንት አሳ አጥማጅ ለብቻዬ ጠርቶ «እነዚያ በሮች ባይኖሩ ኖሮ እስከ ከንፈሯ ሞልታም ቢሆን ትንሳፈፍ ነበር። እሷን ይዞ ሰው እስኪደርስለት ይቆይ ነበር» አለኝ። ለሌላ ሰው እንዳይናገር አስማልኩት። ዘመዱ በገዛ እጁ ራሱን ጨረሰ ብለው እንዳያሙብኝ ፈራሁ። ስሙን መጠበቅ ነበር የቀረኝ። ለልጄም አባትህን ማዕበል ወሰደው ብዬው ይኸው አለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ከባሕሩ ዳር ወርጄ አላውቅም።

አንተ መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ይህን መናገር አቃተኝ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ያኒቭ በሩን በእጁ እንደቆረጠው ጻፍክልኝ። ልጅህን ከክፍሉ ያወጣልህን ሥራ አፍርሰው ብዬ እንዴት ልጻፍልህ? ስብሰለሰል ከረምኩ። ግን ልጅ ከክፍል የወጣ እንደሆነ ተመልሶ ይገባል፣ ደግሞም ይወጣል። ከባሕር ሥር የገባ አይወጣም።

ወንድሜ፣ እነዚያን በሮች ድፈናቸው። ዕቃ ማስቀመጫ ከፈለግህ ለመሀሉ መቀመጫ ሥራለት። ለያኒቭም የእኔን ታሪክ ንገረው፤ ከተደበቀበት አውጥቼዋለሁ። የሚጠቅመው ከሆነ ዘመዱም አይከፋበትም።

እህትህ የሺሐረግ


ናታንያ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለነፍሳችን ደራሽ፣ ለየሺሐረግ፤

ምስጋናዬን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ስለዚህ የሆነውን በተራ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዳስ በዓል ባለቀ በማግስቱ ነው። ሙሉመቤትን ልንወስዳት ያሰብነው በዚያው ዓርብ ነበር። ከጀልባዋ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ እዚያው ኮምፔንሳቶው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ስለ ዘመዱ አለቀስኩ። ቀጥሎ እነዚያን ነጫጭ በሮች አየሁና ስንት ዓርብ እንደወጣንባቸው አሰብኩ።

ለያኒቭ መንገር ደግሞ ሌላ ፈተና ሆነ። የእኔ ፍርድ እንዳይመስለው ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዕብራይስጥ እየመለስኩ አነበብኩለት። ሲያዳምጥ ፊቱን አላየሁትም። ስጨርስ ተነስቶ ወደ ቤት ወጣ፤ ተከትዬው ስገባ የክፍሉ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሙሉመቤት አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አለቀ፣ ተመልሶ ገባ ብዬ ነበር።

ጠዋት ስወርድ ቀድሞኝ ወርዷል። ማጠፊያዎቹን ፈታትቶ በሮቹን መሬት ላይ ደርድሯቸዋል።

«አባ፣ ሰውየው ልጅ አለው?» አለኝ።

«አለው። በዕድሜ ካንተ ብዙም አይበልጥም።»

«ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሥራውን ቀጠለ።

ከውስጥ በኩል ዙሪያውን ቀጭን እንጨት አጣብቀን፣ ቀዳዳውን በአዲስ ኮምፔንሳቶ ገጠምነው። ስፌቱን ሁሉ ማጣበቂያ አጠጣነው። ሲደርቅ ሳሙና ቀባነውና በትንሽ ቱቦ አየር ነፋንበት፤ አረፋ የወጣበትን እየፈለግን እንደገና ደፈንነው። አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ያኒቭ አልለቀቀኝም። ከዚያ ከመሀሉ ሳንቃ ሥር ለብቻው ሳጥን ሠራን፤ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ዙሪያው ላስቲክ ያለው። ዳቦውም ኪኒኑም እዚያ ይገባል። ፊተኛውና ኋለኛው ግን ድፍን ናቸው። በር የነበረበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ይታያል፤ ጠባሳ ይመስላል።

ባለፈው ዓርብ ሙሉመቤትን ይዘን ወጣን። ባሕሩ ጠዋት ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ሦስታችንም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰናል። እሷ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ኋላ ከፈተች። «ለካ ከተማው ከዚህ ሲታይ ያምራል» አለች። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን።

ልንመለስ ስንል ከምዕራብ ነፋስ ተነሳ። ከድንጋዮቹ ጥግ ስንዞር ሞገድ በጎናችን መጣ። የመጀመሪያው ግማሹን ሞላን። መቅዘፊያውን ጥዬ በባልዲ መቅዳት ስጀምር ሁለተኛው መጣና እስከ ጠርዟ ሞላት። ውኃው ወገባችን ደረሰ። እህቴ፣ ያን ጊዜ የጠበቅሁት መውረዷን ነው። ያንቺ ቃል ነው የመጣልኝ፤ ቀጥ ብላ የወረደች ያልሽው።

አልወረደችም። ትንሽ ዝቅ አለችና ቆመች። ከፊትም ከኋላም የሆነ ነገር ከሥር ደግፎ እንደያዛት ያስታውቃል። ሙሉመቤት ልትነሳ ስትል ያኒቭ ትከሻዋን ይዞ «ኢማ፣ አል ታዙዚ» አላት፣ አትንቀሳቀሺ ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ «እማ፣ ጀልባዋ አትሰጥምም። እኔ ነኝ የዘጋሁት» አላት። እሷም ሰማችው፤ ተቀመጠች። ውኃ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ ገንዳ የገባን ይመስል፣ አሳ አጥማጆች እስኪያዩን ቆየን። በገመድ ጎትተው አወጡን። እነሱ እስኪደርሱ ሙሉመቤት ያኒቭን አንገቱን አቅፋ ነበር፤ እሱም እየደጋገመ «አትሰጥምም» ይላት ነበር።

ዋናተኛ ላልሆነች ሴት ያ ሰዓት ያለ ጀልባ ምን ይሆን እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሸዋው ላይ ስንደርስ ያኒቭ ከሞላችው ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት ጀመረ። ከግዳጁ በልቡ ይዞት የመጣውን ሁሉ። እናቱና እኔ እርጥብ ልብሳችንን እንኳ ሳንለውጥ አዳመጥነው። ምን እንዳለ አልጽፍም፤ የእሱ ነው። ግን አወራ።

የሺሐረግ፣ ባለቤቴንና ልጄን ያተረፍሻቸው አንቺ ነሽ። አንቺ ብቻም አይደለሽ፤ ዘመዱም ነው። የእሱ ነገር ባይነገረኝ ኖሮ ሦስታችንም ከዚያ ባሕር ሥር ነበርን። ሙሉመቤት ያን ዕለት ማታ የሰንበት ሻማ ስታበራ ስሙን ጠርታለች። ያኒቭ ደግሞ ለአቻምየለህ ሰላምታ አቅርብልኝ ብሏል፤ «ወንድሜ ነው በለው» ነው ያለኝ።

ምን ላድርግልሽ? ምን ልላክልሽ? የፈለግሽውን ጠይቂኝ።

እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ባለዕዳሽ የሆንሁ ወንድምሽ፣

ቃኘው


ጎርጎራ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቃኘው፣ ለሙሉመቤት፣ ለልጄ ለያኒቭ፤

ሦስታችሁንም በአንድ ላይ ሰላም እላችኋለሁ፤ በአንድ ላይ ለመጥራት ያበቃኝ አምላክ ይመስገን።

ደብዳቤህን መነጽሬን አድርጌ ብቻዬን አነበብኩት። ውኃው ወገባችሁ የደረሰበት ላይ ስደርስ ማንበቡን አቁሜ ወጣሁና ግቢውን ዞርኩ። ተመልሼ ጨረስኩት። ከዚያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአቻምየለህ ወረቀቱን ሰጠሁት።

«አንብብልኝ» አልኩት።

«መነጽር አለሽ አይደል?»

«አንተ አንብብልኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ስለ በሮቹ አነበበ፤ ያኒቭ ልጁ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀው ላይ ሲደርስ አቆመ። ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔም ያን ሁሉ ዘመን የደበቅሁትን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እናቴ፣ እኔ አውቃለሁ» አለኝ።

ምን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት።

«ጀልባዋን በገመድ ስንስብ ከሳቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። በሮቹን አይቻቸዋለሁ። ሳጥኖቹ ጭቃ ሞልተው ነበር። ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። አንቺ የማታውቂ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩ።»

ወንድሜ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስምንት ዓመት ተቀምጠን እኔ ከእሱ፣ እሱ ከእኔ ስንደብቅ ኖርን። ስለ ዘመዱ እንዳናወራ ያደረገን ይኸው ነበር፤ አንዱ አፉን ከከፈተ ሌላው ምስጢሩን የሚያውቅበት መስሎት። ያን ቀን ግን ምሳው እስኪቀዘቅዝ አወራን። አባቱ ሳንቃ ሲልግ እንዴት ያፏጭ እንደነበር፣ መዶሻ ጣቱን ሲመታው ጥፋቱን በመዶሻው እንዴት ያላክክ እንደነበር፣ እኔ የረሳሁትን እሱ ያስታውሰኛል፣ እሱ ያላየውን እኔ እነግረዋለሁ። ሳቅን፤ አዎን፣ ሳቅን። ነገሩን የሰማ ጎረቤትም ዘመዱን አላማውም። በማያውቀው ነገር የሞተ ሰው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አመሰግንሻለሁ ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ ነኝ የማመሰግንህ። ዘመዱ ከሞተ ወዲህ ሞቱ ለአንድ ሰው እንኳ ጠቅሞ አያውቅም ነበር። አሁን ሦስት ሰው ከባሕር አወጣ። ይህን ለጎረቤት ሁሉ ነግሬያለሁ። ያ አሳ አጥማጅ ከመሐላው እንዲፈታ ካህኑን ለምኛቸዋለሁ።

በማግስቱ ከአቻምየለህ ጋር ወደ ባሕሩ ወረድን። ዳሩ እንደማውቀው አይደለም፤ ውኃው ሸሽቷል፣ አዲስ ሸምበቆ በቅሏል። እግሬን አላስነከርኩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁት፣ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ጀልባ ልሥራ አላለኝም። እኔ ነኝ ያነሳሁበት።

ምን ልላክልሽ ላልኸኝ መልሴ ይኸውልህ። የእነዚያን የተዘጉ ሳጥኖች ልክ ላክልኝ፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ከውስጥ ያጣበቃችሁትን እንጨት፣ በሳሙና እንዴት እንደሞከራችሁት ሁሉ። ያኒቭ በእጁ ይሳልልን። አቻምየለህ ፊትና ኋላው ከተዘጉ ለመሀሉ እንደ እናንተ ባለ ክዳን ሳጥን ይበቃኛል ይላል። እኔ ሦስቱም ይዘጉ ብዬዋለሁ። ዕቃውን ጭኑ ላይ ይያዝ።

እህትህ የሺሐረግ